«የኢትዮጵያ ብሉዝ» አትበሉብኝ

ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» እያላችሁ የምትጠሩ ሁሉ፥ ከዛሬ ጀምሮ ጠበኛችሁ ነኝ። ማስታወቂያ ጻፊዎች፥ የመድረክ መሪዎች፥ የሬዲዮ አዘጋጆች፥ ለፈረንጅ እንግዳ ስታስረዱ ቃል የሚያጥራችሁ የከተማ ሊቃውንት፥ ሁላችሁንም ማለቴ ነው። እናንተንም፥ ውድ አንባቢዎቼ፥ ከጠቡ አላወጣኋችሁም፤ ይህን ሐረግ እንደ ጌጥ በግጥሙ አናት ላይ የሚሰካ ከመካከላችን አላጣሁምና። እኔው ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጻፍኩት አንድ ደካማ ግጥም ውስጥ ተጠቅሜበታለሁ። እንግዲህ ጠቡ ከራሴም ጋር ነው ማለት ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ወልድያ ላይ የተደረገ አንድ የእራት ግብዣ ነው። አዳራሹ በመብራት አሸብርቋል። ኪቦርድ የሚጫወተው ወጣት ከበሮውንም፥ ዋሽንቱንም፥ ማሲንቆውንም በአንድ ሣጥን ውስጥ ይዞ ብቻውን ሙሉ ባንድ ሆኗል። በመካከሉ መድረክ መሪው ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ «አሁን ደግሞ የወሎውን ቢቢ ኪንግ እጋብዛለሁ!» አለ። ከመርሳ የመጡ አንድ አዛውንት ክራራቸውን በጋቢያቸው ሥር አቅፈው ከጥግ ተቀምጠው ነበር። ስሙ ሲጠራ እሳቸውም እንደኛው ዞር ብለው የሚነሣውን ሰው ፈለጉ። የሚነሣ ጠፋ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው «አንቱን እኮ ነው!» ብሎ ጎሸም ሲያደርጋቸው አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወጡና ክራራቸውን ቃኙ፤ ገና አንድ ስንኝ ሳያደርሱ የኪቦርዱ ከበሮ «ሊያጅባቸው» ከኋላቸው ተነሣ። ክራሩ ተዋጠ። ጣታቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፁ ግን የለም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ያሳፈረኝ ሳቄ ብቻ አልነበረም። የቢቢ ኪንግን የሕይወት ታሪክ ከልደት እስከ ሞት አነብንባለሁ። ከእኔ ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ የመኪና መንገድ ላይ የሚኖሩትን የእኒህን ሰው ስም ግን አላውቀውም።

ብሉዝን ስለማልወድ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ከመጠን በላይ እወደዋለሁ፤ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አንድ የመኝታ ክፍል ባልንጀራዬ በፍላሽ የሞላቸውን ዘፈኖች ገለበጠልኝ። በዚያ ውስጥ የዓይነ ስውሩ የብላይንድ ዊሊ ጆንሰን «ዳርክ ዋዝ ዘ ናይት» ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1927 የተቀዳ ነው። ግጥም የለውም። ሰውዬው የጊታሩን ክር ላይና ታች እያንሸራተተ ከጉሮሮው ያጉረመርማል፥ ያቃስታል፥ ይተነፍሳል፤ በቃ ይኸው ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1977 ቮዬጀር የተባሉትን መንኮራኩሮች ሲያመጥቁ የምድርን ድምፆች በወርቅ በተለበጠ ሸክላ ቀርጸው ሲልኩ ይህንንም ከመካከሉ አኑረውታል። በሕይወቱ ድህነት እንጂ ሌላ ያላየ ሰው ትንፋሹ ዛሬ ከፀሐይ ሥርዓት ዳርቻ አልፎ ይጓዛል። የመጀመሪያ ቀን ስሰማው አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። እስከ ንጋትም አልተኛሁም።

ቀጥሎ ጆን ሊ ሁከር መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው «ቡጊ ቺለን»። ሙዚቃ የተማረ ሰው ቢሰማው «ይህ እኮ ከአንድ ኮርድ ንቅንቅ አላለም» ይላል፤ እውነቱን ነው፥ አላለም። ከበሮው የገዛ እግሩ ነው፤ ወለሉን እየመታ ይዘፍናል። ይህን ስሰማ ያየሁት ዲትሮይትን አይደለም፤ በወፍጮው ላይ አጎንብሳ መጁን የምትገፋ አያቴን ነው። የእርሷም ዜማ ከአንድ ቦታ ንቅንቅ አይልም ነበር፤ ምቱን የሚሰጣት ድንጋዩ ነው፤ ግጥሙ ደግሞ ማንም እንዲሰማው የተባለ አልነበረም።

ኤልዛቤት ኮተንን ደግሞ ለሴት ወዳጆቼ ሁሉ አስደምጣለሁ። ግራኝ ናት፤ ለቀኝ እጅ የተቃኘ ጊታር ገልብጣ ይዛ በራሷ ዘዴ ተማረችው፤ ወፍራሙን ክር በአውራ ጣት መምታት የሌላው ሰው ወግ ሲሆን እርሷ በአውራ ጣቷ ዜማውን፥ በሌላው ጣቷ ደግሞ ወፍራሙን ትመታለች። በልጅነቷ የደረሰችውን «ፍሬይት ትሬይን» ዓለም የሰማው በሰው ቤት ሠራተኛነት ስትኖር፥ ዕድሜዋ ከስድሳ ካለፈ በኋላ ነው።

ቢቢ ኪንግንማ ምን ልበል? እ.ኤ.አ. በ1949 ክረምት፥ ትዊስት በምትባል የአርካንሳስ መንደር ጭፈራ ቤት ሲጫወት ሁለት ሰዎች ተደባደቡና ለማሞቂያ የነደደውን የነጭ ጋዝ በርሜል ገለበጡት። ቤቱ ተቃጠለ። እርሱ ከወጣ በኋላ ጊታሩን እንደረሳ ትዝ ሲለው ተመልሶ ወደ እሳቱ ገባ። ጠቡ በአንዲት ሉሲል በምትባል ሴት ምክንያት እንደነበር ሲሰማ፥ ጊታሩን ሉሲል አላት፤ ከዚያ በኋላ የያዛቸውን ሁሉ እንዲሁ ሲጠራ ኖረ። «ዘ ትሪል ኢዝ ጎን»ን አድምጡ። ሌላው ሃያ ድምፅ የሚያዘንብበት ቦታ ላይ እርሱ አንዷን ክር ብቻ ገፋ አድርጎ ያስለቅሳታል። ሲዘፍን ጊታሩ ዝም ይላል፤ ጊታሩ ሲናገር እርሱ ዝም ይላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እየወደድኩ የምጣላው በስሙ ነው። ስም ቀላል ነገር ነው የሚለኝ ካለ፥ ቢቢ ኪንግን «የሚሲሲፒው አምባሰል ዘፋኝ» ብሎ ለአሜሪካኖች ያስተዋውቅልኝና የሚሆነውን እንይ።

በመጀመሪያ ነገሩ በሙዚቃው በራሱ ስሕተት ነው። የእኛ ዋና ዋና ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ። ሁለቱ የሀገር ስም ናቸው፤ ያውም የእኛው የወሎ። አምባሰል የሀብሩ ጎረቤት ነው፤ ከመርሳ በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ የሚወርድ ሰው ውጫሌ ሲደርስ አምባሰል ገብቷል። አሁን ቁጠሩልኝ። የብሉዝ ጊታሪስት አብዝቶ የሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች ከዶ ቢነሡ ዶ፥ ሚ ቤሞል፥ ፋ፥ ሶል፥ ሲ ቤሞል ናቸው። ይህን ለሀገራችን የሙዚቃ መምህራን ብትሰጧቸው «ባቲ ማይነር» ይሏችኋል። ትዝታ ሜጀር ግን ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ነው። «ከላ ብትነሣ ያው ነው» የሚለኝ ብልጥ አይጠፋም፤ አዎን፥ ድምፆቹ ያው ናቸው፤ ነገር ግን ዜማ የሚያርፍበት ቤት አለው፤ በሰው ቤት የሚያድር ሁሉ የቤቱ ባለቤት አይባልም። ትዝታ ማይነርና አምባሰል ደግሞ በሆዳቸው የያዟት ጠባብ ግማሽ ድምፅ አለች፤ ሆድ የምታላውሰው እርሷ ናት፤ ብሉዝ እንዲህ ባለ መንገድ አይሄድም። እንግዲህ ዝምድና ከተቆጠረ ለብሉዝ የሚቀርበው ባቲ እንጂ ትዝታ አይደለም። ትዝታን «ብሉዝ» ያሉት ሰዎች ድምፅ ቆጥረው አይደለም፤ ሁለቱም ያሳዝናሉ ብለው ነው። የሚያሳዝን ሁሉ ዘመድ ከሆነማ የቀብር ጡሩምባም ብሉዝ ነው።

መሣሪያውንም እንይ። ክራራችን ስድስት ክር አለው፤ ጊታርም ስድስት አለው፤ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። የክራር ክር ግን ጣት የሚጫነው አንገት የለውም። የሚሰጠው የተቃኘበትን ነው፤ ቢቢ ኪንግ ክር ገፍቶ የሚያወጣትን ለቅሶ ክራር ሊያወጣት አይችልም፤ የክራር ጥበብ ሌላ ነው፤ የትኛውን ክር አፍኖ የትኛውን ለቆ ይምታ የሚለው ነው። ለብሉዝ ጊታር የሚቀርበውስ ማሲንቆ ነው። በፈረስ ጭራ ክር ላይ ጣት እየተንሸራተተ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲያልፍ ስትሰሙ፥ ያ ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን ያደረገው ነው። በሚሲሲፒ ገጠርም የድሃ ልጆች ሽቦ በግድግዳ ላይ በምስማር ወጥረው በጠርሙስ እያንሸራተቱ ይጫወቱ ነበር፤ «ዲድሊ ቦው» ይሉታል፤ ባለ አንድ ክር ነው። ከታላላቆቹ ብዙዎቹ የጀመሩት በእርሷ ነው። እዚህ ላይ እውነተኛ መመሳሰል አለ፤ ነገር ግን ይህን ለማየት አዝማሪን ቀርቦ መስማት ያስፈልጋል፤ ስም የሚለጥፈው ሰው ደግሞ ለዚያ ጊዜ የለውም።

አንድ ሌላ መመሳሰልም አለ፤ እርሱን ሳስብ ሁልጊዜ እገረማለሁ። በእኛ ዘንድ በገና የዳዊት ነው፥ የጸሎት ነው፤ ክራር ግን የሰይጣን መሣሪያ ነው ሲባል ኖሯል። በእነርሱም ዘንድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብሉዝን የዲያብሎስ ሙዚቃ ይሉት ነበር። ሮበርት ጆንሰን በመስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታር ተማረ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1936 እና በ1937 በቴክሳስ ሃያ ዘጠኝ ዘፈን ብቻ አስቀድቶ፥ በ1938 በሃያ ሰባት ዓመቱ ሞተ። ሁለት ሕዝብ ሳይተዋወቅ ድሃ ዘፋኙን በአንድ ዓይነት ክስ ከሰሰው። የሚያመሳስለን ዜማው ሳይሆን ለዜመኛው ያለን ንቀት ነው ብል ማን ይቃወመኛል?

ሁለተኛው ነገር ታሪክ ነው። ብሉዝ የበቀለው ከባርነት በወጡና በጥጥ እርሻ ላይ በእኩል አራሽነት ስም እንደገና በታሰሩ ሰዎች መካከል ነው። የማሊው አሊ ፋርካ ቱሬ ፈረንጆች «የአፍሪካው ጆን ሊ ሁከር» ሲሉት አይመቸውም ነበር፤ ሥሩና ግንዱ ከእኛ ዘንድ ነው፥ እነርሱ የያዙት ቅርንጫፉን ነው ባይ ነበር፤ እርሱስ ይበል፥ በአትላንቲክ የተጫነው ሕዝብ ከምዕራብ አፍሪካ ነውና። የእኛ ጉዳይ ግን ይህም አይደለም። የሚሲሲፒው ጥጥ ለቃሚ አያት ከወሎ አልተጫነም። (የእኛም ሀገር ባርነት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1942 በአዋጅ እስኪሻር ድረስ ስንቱ በዚሁ በእኛ መንገድ ወደ ባሕር ተነድቷል። እነዚያ ሰዎች ምን እያንጎራጎሩ ወረዱ? ማንም አልጻፈልንም። የብሉዝ ስም የሚገባው ካለ ያ ያልተጻፈው ዜማ ነው፤ ስለ እርሱ ግን ማስታወቂያ ሲለጠፍ አላየሁም።) የወሎ ሕዝብ የራሱ ኀዘን አለው። የ1966ቱ አለ፥ የ1977ቱ አለ። ለእነዚህ ኀዘኖች ስም ከሌላ ሀገር መዋስ ለእኔ ነውር ነው።

ደግሞስ ቃል አጥተን ነው? «እንጉርጉሮ» የሚል ቃል አለን እኮ! ቃሉ ራሱ ያጉረመርማል። ሰው ብቻውን፥ ለማንም ሳይሆን፥ ከደረቱ የሚያወጣው ዜማ ነው። ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን ያደረገውን ለእናቴ በእንግሊዝኛ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ «ሰውዬው ያንጎራጉራል» ብላት ይበቃታል። ትርጉም ካስፈለገ እንግዲህ ወዲያ ይተርጎም፤ ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን እንጉርጉሮ ነው በሉ።

ይህን ቃል የማውቀው ከመዝገበ ቃላት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወልድያ በጦርነቱ ከተያዘች በኋላ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ ባንክ ተዘግቶ፥ መብራትና ስልክ ጠፍቶ ኖርን። የስልኬ ባትሪ ባለቀ ጊዜ ሉሲልም፥ ቡጊ ቺለንም አብረው ጠፉ። ማታ ማታ ከአንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተን ጨለማውን ስንሰማ ጎረቤታችን የሆኑ ሴትዮ በአምባሰል ያንጎራጉሩ ነበር፤ በጣም ቀስ ብለው፥ ከውጭ እንዳይሰማ። ቃሉ አይለይም። ልጃቸው ያለበት አይታወቅም ነበር። በዚያ ሰዓት የተመኘሁት ዘፈን ካለ አላስታውስም፤ የቀረልን እርሱ ብቻ ነበርና። ይህንን ነው እንግዲህ እናንተ «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ብላችሁ በመግቢያ ትኬት ላይ የምታትሙት።

የሚሰነዘርብኝን መልስ አውቀዋለሁ፦ «ስሙ በር ይከፍታል፤ ዓለም የሚያውቀውን ይዘህ ነው የማያውቀውን የምታሳየው።» ትንሽ እውነት አለበት። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ያወጣቸው ሲዲዎች ባይኖሩ የስንቱ ሸክላ በአቧራ ተበልቶ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን አሥረኛውን ተመልከቱት፤ ጌታቸው ካሣ ትዝታን አንድ ጊዜ በዝግታ፥ አንድ ጊዜ በፍጥነት የሚጫወትበት ነው። ርእሱ «ትዝታ» ይልና ቀጥሎ «የኢትዮጵያ ብሉዝና ባላድ» ይላል። ፋልሴቶ ለፓሪስ ሰው ነው የጻፈው፤ አልፈርድበትም። የምፈርደው ከፓሪስ ተጽፎ የመጣውን ማብራሪያ ተቀብለን ለወልድያ ሰው መልሰን በምናነብበው በእኛ ላይ ነው። ለእንግዳ የተዘረጋ ምንጣፍ ላይ የቤቱ ልጅ ጫማውን አውልቆ እንግዳ ይሆናልን?

በሩ ከተከፈተስ በኋላ ማን ገባ? አስናቀች ወርቁ በገዛ ሀገሯ ቴአትር ቤት ዘመኗን ሰጥታ፥ ክራሯን እንደ ሰው አናግራ በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ፥ ስንቶቻችን አንድ ዘፈኗን እስከ መጨረሻው እናውቅ ነበር? ካሣ ተሰማን ሬዲዮ የሚያስታውሰው ለበዓልና ለጦርነት ጊዜ ነው። ሜሪ አርምዴን የሚያስታውስ ከእኔ እኩያ ፈልጉልኝ። ማሪቱ ለገሰን «የአምባሰል ንግሥት» እንላታለን፤ ከወሎ ላሊበላ የባህል ኪነት የወጣች የእኛው ልጅ ናት፤ ዘውዱን ሰጥተናት ዙፋኑን ለኪቦርድ ሰጠነው። ጊታርን ለሚወዱትም እላለሁ፦ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ከአይቤክስ እስከ ሮሃ ባንድ የመታው ጊታር የስንቱን ካሴት ጀርባ ተሸክሞ ኖረ፤ ስንቱ ወጣት ግን ዘፋኙን እንጂ እርሱን ያውቃል? አሜሪካዊ ጊታሪስት ሲሆን የክሩን ቁጥር፥ የጊታሩን ስም፥ የሠራውን ፋብሪካ እንደ ዳዊት የምንደግም ሰዎች ነን።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልመለስ። እኔ በአንድ ባንክ መስኮት የምቀመጥ ሰው ነኝ። ከዚያ የእራት ግብዣ በኋላ በሳምንቱ እኒያ አዛውንት ከመስኮቴ ፊት ቆሙ። የተጫወቱበት አበል የሚከፈለው በሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው ተብለው ነው። ደብተር ለመክፈት ቅጽ መሙላት ጀመርኩ።

«ሥራዎ ምንድር ነው፥ አባቴ?»

«ክራር እመታለሁ።»

«እሱን አይደለም፤ የሚተዳደሩበትን ነው የጠየቅኩዎ።»

«እሱኑ ነው የነገርኩህ፥ ልጄ።»

ከኋላቸው ሰልፍ አለ። ኮምፒውተሩ የሚያቀርብልኝ ዝርዝር ገበሬ፥ ነጋዴ፥ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ተማሪ፥ ጡረተኛ ይላል፤ ከሁሉ በታች «ሌላ» የሚል አለ። «ሌላ» የሚለውን መረጥኩ። ፊርማ ስለማይችሉ የጣት አሻራ አስፈለገ፤ ወፍራሙን ክር የሚመታው አውራ ጣታቸው ከቀለሙ ላይ ተነከረ፥ እኔው ይዤ ከወረቀቱ ላይ ተጫንኩት። ጠንካራ ነው፥ እንደ ቆዳ። ስሙን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ከመታወቂያቸው ላይ። አመስግነው ሄዱ። ማታ ቤቴ ገብቼ፥ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ሰክቼ፥ ቢቢ ኪንግን ከፍቼ፥ ስለ ጥቁር ሕዝብ ሙዚቀኞች መናቅ ሊያለቅስ የተዘጋጀ ልቤን ያዝኩት። የዚያን ሌሊት የጻፍኩት ግጥም አራት መስመር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ መጻፍ አፈርኩ።

ሥራህ ምንድር ነው ሲል ወረቀቱ ጠይቆ፥
ክራሩ ዝም አለ ከጋቢ ተደብቆ።
ክር የሚመታው ጣት ብር ከሚቆጥር ፊት፥
ቆሞ ተመለሰ እንደ ባለ ጥፋት።

«ሌላ»! የእኛ ሀገር ክራር መቺ ማለት ይኸው ነው። ክራሩን ሲመታ በባህል ስም በአደባባይ ይታያል፤ ሲታመም፥ ሲበደር፥ ቤት ሲከራይ «ሌላ» ነው። «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ዛሬም ለስድብ የሚጠቀምበት ሰው ብሉዝ አፍቃሪ ነኝ ሲለኝ አላምነውም። ሙዲ ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ1941 ድምፁ በመጀመሪያ ሲቀዳ በእርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳ ሰው ነበር፤ እኛ ዛሬ የምናደንቀውን ሰው በዚያን ዘመን ከመስኮቴ ፊት ቢቆም ምን ብዬ እንደምጽፈው ከእንግዲህ አውቀዋለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅጹን እንደገና ከፈትኩት። ዝርዝሩን መለወጥ ሥልጣኔ አይደለም፤ «ማስታወሻ» ከሚለው መስመር ላይ ግን «ክራር መቺ» ብዬ ጻፍኩ። ያየው አለቃ የለም፤ የሚያየውም አይመስለኝም።

ከዚያም አንድ እሑድ መርሳ ወረድኩ። ቤታቸው ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው፤ ደጃፋቸው ላይ የማንጎ ዛፍ አለ። ባንክ ጉድለት አግኝቶ የላከኝ መስሏቸው ደነገጡ፤ ደብተራቸውን ሊያመጡ ተነሡ። «ኧረ አይደለም፤ ክራር ልሰማ ነው የመጣሁ» ስላቸው ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና በረጩማ አቀረቡልኝ። ቡና ተፈላ። በሁለተኛው ላይ ክራራቸውን አወረዱ። ያለ ኪቦርድ፥ ያለ ድምፅ ማጉያ የሰማሁትን እዚህ ላይ አልገልጽም፤ መግለጽ ስጀምር ያንኑ የተጣላሁትን ሐረግ የምጽፍ መስሎ ስለሚሰማኝ።

ሲጨርሱ እኔም የእኔን ላስሰማዎ ብዬ ከስልኬ ላይ ስኪፕ ጄምስን ከፈትኩላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 የተቀዳውን «ዴቭል ጎት ማይ ዉማን»። ርእሱን አልተረጎምኩላቸውም። ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው እስከ መጨረሻው አደመጡ።

«ይኼ ሰውዬ የየት ሀገር ነው?»

«የአሜሪካ።»

«አለ?»

«የለም፤ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው።»

«ነፍስ ይማር።»

ክራራቸውን አነሡ። አንዱን ክር አጠበቁ፥ ሌላውን አላሉ፤ ጆሮ እየሰጡ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የሰውየውን ዜማ በሁለት ጣት፥ እየዳሰሱ፥ ከክራሩ ላይ አገኙት።

«ባቲ እኮ ነው የሚመታው!» አሉኝ። «ማን አስተማረው?»

የስልኬ ባትሪ አሥራ አንድ በመቶ ቀርቶታል። ከመጀመሪያው መልሼ ከፈትኩላቸው።